አሮጌ ጊታር፦ ድምፁ ነው ወይስ ስሙ?

የቀረበው ጥያቄ፦ «ጊታር መጫወት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ጥሩ ጊታር ለመግዛት ያጠራቀምኳት ገንዘብ አለችኝ። አንድ ጓደኛዬ ‹አዲስ አትግዛ፤ በሃምሳዎቹና በስልሳዎቹ የተሠራ ፈልግ፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሚሠራ የለም› ይለኛል። በሌላ በኩል የጊታር ዘመን እያበቃ ነው፣ የአሮጌ ጊታር ወዳጆችም እያረጁ ስለሆነ ዋጋው ይወድቃል የሚል አነበብኩ። የድሮዎቹ በእውነት ይበልጣሉ ወይስ ትዝታ ነው? ገንዘቤን ባወጣስ እጸጸታለሁ?»

ወንድሜ፣ ጊታር በመጠገን ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ ይህን ጥያቄ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ ቆጥሬ አልዘልቀውም። አንተ ግን ድምፁንም ገበያውንም አንድ ላይ ማንሳትህ ደስ ብሎኛል፤ ሁለቱ አይነጣጠሉምና። ዛሬ የቤት መግዣ የሚያህል ገንዘብ የሚወጣባቸው ጊታሮች አብዛኞቹ በተሠሩበት ዘመን ፈላጊ ያጡ ናቸው። ከዚህ ካልተነሳን የቀረው አይገባንም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጊብሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራውን ሌስ ፖል የተባለ ጊታር እንይ። ፋብሪካው ሚሺጋን ውስጥ ካላማዙ ከተማ ነበር፤ ጊታሩ የወጣው በ1952 ነው። በ1957 የኩባንያው መሐንዲስ ሴት ላቨር የፈለሰፈው ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል)፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ጉምጉምታን የሚያጠፋው ሃምባከር፣ ተገጠመለት። በ1958 ደግሞ ወርቃማው ቀለም ቀረና መሐሉ ቢጫ፣ ጠርዙ ቀይ የሆነው ሳንበርስት መጣ። ዛሬ ሰብሳቢዎች እንደ ንዋየ ቅድሳት የሚያዩት ይህን ነው። ያኔ ግን አልተሸጠም። ዋጋው ከ300 ዶላር በታች ሆኖ እንኳ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ይከርም ነበር። በ1960 መጨረሻ ላይ ማምረቱ ቆመና ቀጠን ባለ፣ ባለ ሁለት ቀንድ ቅርፅ ተተካ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት የተሠሩት ሳንበርስቶች ሁለት ሺህ እንኳ አይሞሉም።

ከዚያ በ1966 እንግሊዛዊው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን ከብሉዝ ሙዚቀኛው ከጆን ሜይአል ጋር ባስቀረጸው አልበም ከእነዚህ አንዱን ማርሻል ከተባለ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ጋር አገናኝቶ እስከ ጥግ ከፈተው። ወፍራም፣ ረዥም፣ እንደ ሰው ድምፅ የሚዘፍን ነገር ወጣ። የሰማው ጊታሪስት ሁሉ ያንን ድምፅ ፈልጎ ሱቅ ሲሄድ ጊታሩ የለም፤ ያለው ሌላ ሰው የተጫወተበት ብቻ ነው። ጊብሰን በ1968 ሌስ ፖልን መልሶ ማምረት ጀመረ። ይሁንና «የድሮው ይሻላል» የሚለው እምነት በእነዚያ ጥቂት የእጥረት ዓመታት ሥር ሰድዶ ነበር። ዛሬ ያልተነካ የ1959 ሳንበርስት በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጣል። ፍላይንግ ቪ የሚባለው ባለ ክንፉ ጊታር ደግሞ ይብሳል፤ በ1958 እና በ1959 ከፋብሪካ የወጣው መቶ ያህል ብቻ ነበር፣ ያንንም ለመሸጥ ተቸግረዋል።

በሌላው ትልቅ ጊታር ሠሪ፣ በፌንደር በኩል ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጊታሩ ተወደደ፣ መወደዱ ግን ጣጣ አመጣ። ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት አይችልም። ለዚህም ይመስለኛል ጊታርን እንደ ጠጋኝ ያሰበው። ደልዳላ የእንጨት ገላ፣ በአራት ብሎን የሚታሰር አንገት፤ ሲበላሽ ፈትተህ ትቀይራለህ። ኋላ ቴሌካስተር የተባለውን በ1950፣ ስትራቶካስተርን በ1954 አወጣ። የካቲት 9 ቀን 1964 ቢትልስ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ሰው አያቸው፤ ከዚያ በኋላ ጊታር የማይፈልግ ወጣት ጠፋ። በዓመቱ፣ በጥር 1965፣ ሊዮ ፌንደር ኩባንያውን ለአሜሪካው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ለሲ.ቢ.ኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። አዲሱ ባለቤት ምርቱን አበዛ፣ ወጪ ቀነሰ። ሰባዎቹ ላይ ስትራቶካስተሩ በአራት ብሎን ፋንታ በሦስት መታሰር ጀመረ፣ ቅቡም እንደ ፕላስቲክ ወፈረ፣ ገላው ከበደ። ተጫዋቾች «ከሲ.ቢ.ኤስ በፊት» የሚል አነጋገር አመጡና ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥባቸውን ሱቆች ማሰስ ያዙ። ጆርጅ ግሩን ናሽቪል ውስጥ በ1970 የአሮጌ መሣሪያ ሱቁን የከፈተው በዚህ ጊዜ ነው።

ታዲያ የአሮጌ ጊታር ፍቅር መጀመሪያ ትዝታ አልነበረም። የአዲሱ ጥራት ያስቀየማቸው፣ በሥራቸው የሚጠቀሙበት መሣሪያ የሚፈልጉ ሙዚቀኞች ያመጡት ነው። ጓደኛህ የሚነግርህ ያኔ፣ በ1975፣ ሙሉ በሙሉ እውነት የነበረ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ተለውጧል። ሲ.ቢ.ኤስም በ1985 ኩባንያውን ለሠራተኞቹ ሸጦ ወጥቷል፤ በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ገብቷል። ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥ አዲስ ጊታር አንገቱ ከብዙ የስልሳዎቹ ጊታሮች ይልቅ ቀጥ ያለ ነው። ይህን ስልህ ሁለቱንም በእጄ ለክቼ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። እንጨት ሲያረጅ በእርግጥ ይለወጣል። በውስጡ ያሉ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች በዝግታ ይፈራርሳሉ፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ግትርነቱ ይጨምራል። ፊቱ ከስስ ጥድ የተሠራ አኮስቲክ (ያለ ኤሌክትሪክ የሚሰማ) ጊታር ላይ ይህ ለውጥ ይሰማል ብዬ አምናለሁ፤ ክሩን ስትነካው ቶሎ ይነሳል። ዛሬ ሠሪዎቹ የፊቱን እንጨት ኦክስጅን በሌለው ምድጃ የሚጋግሩት ያንኑ ለውጥ ለማፋጠን ነው። በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ግን ዋናው ድምፅ ያለው ፒክአፑ፣ ክሩና አምፕሊፋየሩ ጋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሃምባከሮች ከሥራቸው የፈጠራ መብት ማመልከቻ መቅረቡን የሚገልጽ ትንሽ ምልክት ስለተለጠፈባቸው ፒ.ኤ.ኤፍ ይባላሉ። ሰዎች ስለ «ፒ.ኤ.ኤፍ ድምፅ» አንድ ነገር እንደሆነ አድርገው ያወራሉ። ሆኖም በዚያ ዘመን ሽቦው የሚጠቀለለው ልክ በደረሰ ጊዜ በራሱ በማይቆም ማሽን ነበር፤ ማግኔቱም ከተለያየ ዓይነት ይደባለቅ ነበር። የሽቦውን የኤሌክትሪክ መቋቋም በመለኪያ ስታየው አንዱ 7 ኪሎ ኦም አካባቢ፣ ሌላው ወደ 9 የሚጠጋ ነው። የአንዱ ድምፅ ጥርት ይላል፣ የአንዱ ይደፈናል። ሰው የሚወደው የደህናዎቹን ድምፅ ነው።

የተደረጉ ሙከራዎችም አሉ። በ2010 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ 21 ልምድ ያላቸው ቫዮሊኒስቶች ዓይናቸው ተሸፍኖ ሦስት አዳዲስና ሦስት ጥንታዊ የጣሊያን ቫዮሊኖችን ተጫወቱ። ከጥንታዊዎቹ ሁለቱ ስትራዲቫሪየስ ነበሩ። አብዛኞቹ ይዘው ሊሄዱ የመረጡት አዲስ ነበር፤ የትኛው ጥንታዊ እንደሆነም መለየት አልቻሉም። በ2018 ደግሞ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጀርባቸውና ጎናቸው ከተለያየ እንጨት የተሠራ፣ በሌላው ሁሉ አንድ ዓይነት የሆኑ ስድስት አኮስቲክ ጊታሮችን ለ52 ጊታሪስቶች እንጨቱ እንዳይታያቸው አድርገው ሰጡ። ከውዱ የብራዚል ሮዝውድ ጀምሮ እስከ ርካሹ፣ የሰጧቸው ውጤት እምብዛም አልተለያየም። ታዋቂው የአኮስቲክ ጊታር ሠሪ ማርቲን የብራዚል ሮዝውድን በ1969 ለመደበኛ ጊታሮቹ መጠቀም አቁሞ ወደ ህንዱ ዞረ፤ በ1992 የዛፉ ዓለም አቀፍ ንግድ ታገደ። ዋጋው የናረው በድምፁ ሳይሆን በመጥፋቱ ነው ማለት ነው፤ እኔም ብራዚል ሮዝውድ ስለሆነ ብቻ እጥፍ እንዲከፍል ማንንም አልመክርም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። በ1962 የተሠሩት ሁሉ ጥሩ አልነበሩም። መጥፎዎቹ ተሰባብረው፣ ተጥለው፣ ክፍላቸው ተፈትቶ ለሌላ ውሎ አልቀዋል። ባለቤቱ የወደደው፣ በየሌሊቱ መድረክ ላይ የወጣው፣ ሲበላሽ ገንዘብ ወጥቶበት የተጠገነው ነው ስልሳ ዓመት ተሻግሮ የሚደርስህ። ጊዜ ራሱ መርጦልሃል። ደግሞም ብዙ የተጫወቱበት አንገት አዲስ የማይሰጥህን ነገር ይሰጥሃል፤ የጣት ሰሌዳው ጠርዝ በመዳፍ ተሞርዶ ይለሰልሳል፣ ከኋላ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቫርኒሽ ተልጦ እንጨቱ ይወጣል፣ እጅህ ሳይያዝ ይንሸራተታል። በሰፊው «የድሮ ድምፅ» ተብሎ የሚወደሰው፣ ግማሹ ይህ ይመስለኛል። እጅ ሲመቸው ጆሮም ይመቸዋል።

ፍቅሩን ግን በቁጥር ብቻ ልገልጽልህ አልፈልግም፤ እኔም ይዞኛልና። አንድ ጊዜ ብቻ የ1959 ሳንበርስት ለጥገና እጄ ገብቷል። ፊቱ እንደ ሻይ ቡናማ ሆኖ ደብዝዟል፤ ቀይ የሚባል ነገር አይታይበትም። የፒክአፑን ጠርዝ የያዙትን አራት ጥቃቅን ብሎኖች ፈትቼ የፕላስቲኩን ክፈፍ ሳነሳ፣ ከሥሩ ጣት በማይሞላ ስፋት፣ ትናንት የተቀባ የመሰለ የቼሪ ቀይ ቁጭ ብሏል። ያ ቀለም ብርሃን ሲመታው የሚደበዝዝ ነበር፤ ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ብቻ ቀረ። ኩባንያው በ1960 የማይደበዝዝ ቀይ አመጣ፤ የ1959ኞቹ ግን እያንዳንዳቸው በየባለቤታቸው መስኮትና መድረክ ልክ የየራሳቸውን መልክ ያዙ። ክፈፉን መልሼ ከመግጠሜ በፊት ብዙ ደቂቃ ቆምኩ። ይህን ማየት የማይገርመው ሰው አሮጌ ጊታር ባይገዛ ይሻለዋል።

ይህ ወደ ዋጋው ይወስደኛል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ላልተነካ ነገር ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው የስልሳዎቹን ጊታሩን ይዞ መጣና እንደ አዲስ እንዲያበራ አድርግልኝ አለኝ። ቅቡ በብርድና በሙቀት ብዛት እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። ልጬ፣ አለስልሼ፣ ዳግም ቀባሁት፤ እሱም ተደሰተ፣ እኔም ኮራሁ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ያ ስንጥቅጥቅ ያለው ቅብ የጊታሩ የልደት ወረቀት ነበር። ቅቡ የተቀየረ ጊታር በገበያ በግምት ግማሽ ዋጋውን ያጣል። እስካሁን ያንገበግበኛል። የመቃኛ ቁልፎቹ ያሉበት ራስጌ ተሰብሮ የተጠገነም እንዲሁ ነው፤ ጊብሰኖች ላይ ደግሞ ይህ የተለመደ ነው፤ ራስጌው በ17 ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነበለ፣ ከአንድ ወጥ ማሆጋኒ የተቀረጸና አንገቱን ለሚያቀናው ብረት ማስተካከያ ተቦርቡሮ የሳሳ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከመቆሚያው ከወደቀ ይሰበራል። በደንብ ከተጣበቀ ግን ለድምፁ ምንም አይጎድለውም።

ለአንተ የምመክርህ እዚህ ላይ ነው። የምትገዛው ልትጫወትበት ከሆነ፣ ሰብሳቢ የሚሸሸውን ፈልግ። ቅቡ የተቀየረ፣ ራስጌው በባለሙያ የተጠገነ፣ ፍሬቱ (የጣት ሰሌዳው ላይ ያሉት የብረት ዘንጎች) የታደሰ፣ መቃኛው የተለወጠ። ያው እንጨት፣ ያው ፒክአፕ፣ ያው አንገት በግማሽ ዋጋ። ለመኝታ ቤት ሳይሆን ለመድረክ ይዘኸው ለመውጣትም አትፈራም። ባልተነካ ጊታር ላይ ያጠራቀምካትን ሁሉ አውጥተህ ብትገዛ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ከሣጥኑ ለማውጣት ትሳሳለህ።

ይህ የ«ያልተነካ» ሕግ የሚሻረው ጊታሩ የማን እንደነበር ሲታወቅ ነው። የፒንክ ፍሎይድ ባንድ ጊታሪስት የዴቪድ ጊልሞር ጥቁር ስትራቶካስተር አንገቱም ፒክአፑም በተደጋጋሚ የተቀያየረ ነው፤ በ2019 ግን በጨረታ 3.975 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በቀጣዩ ዓመት የኒርቫና ባንድ ዘፋኝ ኩርት ኮቤይን የተጫወተበት የ1959 ማርቲን ዲ-18ኢ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ይህ ሞዴል በዘመኑ ማንም አልፈለገውም፤ በአኮስቲክ ጊታር ፊት ላይ ከባድ ፒክአፕ ተበስቶ የገባበት ስለሆነ ሦስት መቶ ገደማ ተሠርቶ ቀረ። ኮቤይን የኤሌክትሪክ ጊታሮቹንም የመረጠው ርካሽ ስለነበሩ ነው። ፌንደር ጃጓር እና ሙስታንግ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ባገለገለ ዕቃ ሱቅ በርካሽ የሚገኙ፣ የተናቁ ነበሩ። በ1991 ኒርቫና ዝነኛ ከሆነ በኋላ ግን ዋጋቸው ሽቅብ ሄደ። ያልኩህ ነገር እንደገና፦ የተናቀው ይፈለጋል።

የጊታር ዘመን እያበቃ ነው የሚለውን በተመለከተ፣ ይህ ወሬ አዲስ አይደለም። በ1983 የያማሃው ዲኤክስ7 ሲንተሳይዘር ሲመጣም ተብሏል፤ ያኔ የተወደዱ ዘፈኖች ጊታርን ወደ ጥግ ገፍተውት ነበር። በግንቦት 2018 ጊብሰን ለኪሳራ ጥበቃ ሲያመለክት ደግሞ ብዙዎች ማስረጃ አድርገው ያዙት። ነገር ግን ኩባንያውን ያንገዳገደው በዋናነት ጊታሩ አልነበረም፤ ቴፕና ጆሮ ማዳመጫ የሚሠሩ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅቶችን በብድር መግዛቱ ነበር። ጊታሩ ይሸጥ ነበር፤ በዚያው ዓመትም ዕዳው ተስተካክሎ ከኪሳራ ወጣ። በ2020 ሰው ሁሉ ቤቱ ሲዘጋበት ፌንደር በታሪኩ ትልቁን ሽያጭ አስመዘገበ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2018 ኩባንያው ይፋ ባደረገው ጥናት በአሜሪካና በብሪታንያ ከአዲስ ጀማሪዎች ግማሾቹ ሴቶች ነበሩ። የተለወጠው ተጫዋቹ ነው። መድረክ መሐል ቆሞ ረዥም ሶሎ የሚጫወት ጀግና ቀንሷል፤ ቤቱ ተቀምጦ ከስልኩ የሚማር፣ ዘፈን ለመድረስ አራት ኮርድ የሚበቃው ሰው በዝቷል።

ይህ ለአሮጌ ጊታር ዋጋ ምን ማለት ነው? ሰው በአብዛኛው የሚገዛው በአፍላነቱ የተመኘውንና ያኔ መግዛት ያቃተውን ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ገንዘቡ ይመጣል፣ ያኔ ይገዛዋል። ስለዚህ የትውልድ ጉዳይ ያነበብከው ስህተት አይደለም። በ1920ዎቹ የጭፈራ ባንዶች ንጉሥ ባለ አራት ክር ባንጆ ነበር፤ ጊታር ሲተካው ወርቅ የተለበጡት እነዚያ ባንጆዎች ዋጋ አጡና ስንቶቹ አንገታቸው በሌላ ተተክቶ ወደ ባለ አምስት ክር ተቀየሩ። ጣሪያው ላይ ያሉት፣ ማለትም የ1959 ሳንበርስት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት 91 ብቻ የተሠሩት የማርቲን ዲ-45ቶች፣ ከሙዚቃ ገበያ ወጥተው እንደ ሥዕል የሀብታም ዕቃ ሆነዋል፤ እኔና አንተ እነሱን ለሀብታሞቹ እንተዋቸው። ከዚያ በታች ያለው፣ ብዙ ተሠርቶ ብዙ የቀረው፣ ሊወርድ ይችላል። በ2008 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ለትርፍ ብለው ገዝተው ያከማቹ ሰዎች የደረሰባቸውን አይቻለሁ። አሁን ደግሞ የሰማንያዎቹና የዘጠናዎቹ ጊታሮች ዋጋ እየጨመረ ነው፤ የእነሱ ወጣቶች ሃምሳ ዓመት ደርሰዋልና። ለትርፍ አትግዛ። ለመጫወት ከገዛኸው ቢወርድም የተጫወትክበት ያንተ ነው።

አንዱን አግኝተህ ለማየት ስትሄድ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና ትንሽ ባትሪ ያዝ። አኮስቲክ ከሆነ ማስመሪያውን በፍሬቶቹ ላይ አስተኝተህ ጫፉ የት እንደሚደርስ እይ፤ የድልድዩን (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበትን እንጨት) አናት መንካት አለበት። ከአናቱ በታች ከድልድዩ እንጨት ጋር ከተጋጨ አንገቱ ተነቅሎ ዳግም መቀመጥ አለበት፤ ይህ ውድ ሥራ ስለሆነ ዋጋውን ከሚጠየቅህ ላይ ቀንስ። ኤሌክትሪክ ከሆነ ሻጩን አስፈቅደህ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን ሽፋን አስከፍት፤ በብረት ገላቸው ላይ የታተመ ቁጥር ታገኛለህ። ለምሳሌ 3046318 ቢል፣ 304 ስታክፖል የተባለው ሠሪ ነው፣ 63 ዓመቱ፣ 18 ሳምንቱ። 137 ከሆነ ሲ.ቲ.ኤስ ነው። ፋብሪካዎች እነዚህን ክፍሎች መደርደሪያ ላይ ዓመታት ያቆዩ ስለነበር ቁጥሩ ጊታሩ መቼ እንደተሠራ አይነግርህም፤ ከዚያ ቀን በፊት እንዳልተሠራ ግን ይነግርሃል። ሻጩ «የ1961 ነው» ብሎ ቁጥሩ 63 ካለ፣ ወይ ክፍሉ ተቀይሯል ወይ ቃሉ ልክ አይደለም። ብየዳውንም እይ፤ የድሮው ደብዛዛ ግራጫ ነው፣ የሚያብረቀርቅ ካየህ ማን መቼ እንደነካው ጠይቅ።

ከዚያ ዝጋውና ሳትቸኩል ግማሽ ሰዓት ተጫወትበት፤ መጀመሪያ አምፕሊፋየር ሳታገናኝ።